የአስቴር ሰዓት

ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አጋሮ

ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የሟች ባለቤቴን የአስቴርን ላፕቶፕ ጠጋኙ ጀማል ዘንድ ወሰድኩት። ዊንዶውሱ ስለተበላሸ ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ሊጭንልኝ ነው። መጀመሪያ ባዮስ የሚሉትን፣ ላፕቶፑ ሲነሣ የሚቀድመውን የውስጥ ማስተካከያ ከፍቶ፣ አዲስ ሲስተም አላስገባ የሚለውን መቆለፊያ አጠፋ።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ላስተካክለው?»

አየሁት፤ ሦስት ሰዓት ይላል። እኔም የማውቀው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት መሆኑን ነው። በሐበሻ አቆጣጠር የሞላችው አስቴር ናት። «ዕቃ በገዛሁ የፈረንጅ ሰዓት ልማር እንዴ?» ብላ ነበር።

«ተወው፣ የእሷ ነው» አልኩት።

ጀማል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ያርመዋል እኮ። እንዳያርም ልከልክለው?»

«ከልክለው።»

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ በርቷል። መልኩ ሌላ ሆኗል፣ ሰዓቱ ግን የእሷ ነው። የሞተን ሰው እንዲህ አለመልቀቅ ኃጢአት ይሆን? የንስሐ አባቴን ልጠይቃቸው አሰብኩና፣ «አስተካክለው» እንዳይሉኝ ፈራሁ።