የዲርጋን ኮፍያ አልልክም

ለእናቴ ልጅ ለቢሽና፣

እንደምን ከረምሽ? የጉልበትሽ ቁርጥማት እንዴት አደረገሽ? ዝናቡ አባራ ሲሉ ሰማሁ፤ ጣሪያው ዘንድሮም አፈሰሰ ወይስ ባልሽ በስንት ጭቅጭቅ ወጥቶ ጠገነው? የምታልቢያት ጎሽስ ወለደች? ሩዙ እንዴት ያዘ? እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። ወገቤ አንድ ቀን ይይዘኛል፣ አንድ ቀን ይለቀኛል፤ የሰው ቤት ወለል መወልወሉን ግን አልተውኩም። ጤና ይህ ከሆነ ጤና ነኝ።

መደወል እያለ ምን አስጻፋት ትይ ይሆናል። እናንተ ቤት ስልክ ሲደወል ድምፁን ከፍታችሁ መሃል ቤት ታስቀምጡታላችሁ። አንቺን ስጠይቅ አማትሽ ከአልጋቸው፣ ጎረቤት ከአጥር ማዶ ይመልሱልኛል። ይህ ግን ያንቺና የኔ ብቻ ነው። እኔ ከሸበትኩ በኋላ ከቢጤዎቼ የቤት ሠራተኞች ጋር ቤተ መቅደሱ በረንዳ ላይ ፊደል ቆጠርኩ፤ አንቺም በመንደሩ የእናቶች ትምህርት ቆጥረሻል። እንግዲህ ሣር ልታጭጂ ስትወጪ ይዘሽው ውጪ፣ ቀስ ብለሽ ለብቻሽ አንብቢው። ልጆቹ እንዳያነቡልሽ።

አደራሽ ደርሶኛል። በሚመጣው በማንግሲር ወር ማንሳራን ለልጅሽ ለዲርጋ ሚስት አድርገሽ ልታመጪለት አስበሻል። እሱ ፈቃድ ስለማያገኝ እንደ አገራችን ደንብ በሙሽራው ፈንታ ለሚቆም ገንቦ ልትድሪያት ነው። ገንቦው የሚያደርገውን የዲርጋን ኮፍያና በጠጉሯ መሃል የሚነሰነሰውን፣ እሱ በእጁ የገዛውን ቀይ ዱቄት፣ ወደ አገር በሚገባው በካላክ እጅ ላኪልኝ ብለሽኛል።

በመጀመሪያ ልጅሽ እንዴት እንደሚኖር ልንገርሽ፤ አንቺ የምታውቂው “ደህና ነኝ” የሚለውን ብቻ ነውና። ሞሞ በሚሸጥ ቤት ጓዳ ሊጥ ሲዳምጥ፣ ሥጋ ሲጠቀልል ይውላል። በስሙ የሚጠራው የለም፤ እዚህ ዴልሂ ከኛ ተራራ የወረደ ሁሉ “ባሃዱር” ነው። ወጥ ሠሪዎቹ ሥራ ሲቀዘቅዝ እሱን ይይዙታል። “አንተ ባሃዱር፣ የእጮኛህን ፎቶ አሳየን እንጂ! ወይስ ጢም ስላላት አፍረህ ነው?” ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቅና እጮኛዬ ናት ብሎ የአጎቱን ልጅ ፎቶ ያሳያቸዋል። “ይህችንማ ለአንተ አይሰጡህም፣ ሰርቀህ ነው!” ብለው ደግሞ ይስቃሉ። ማታ ወደ ክፍሉ ሲገባ ያገራችን ልጆች ተደርድረው ስለ ሚስቶቻቸው ያወራሉ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛ ይመስላል።

የዕረፍቱ ቀን ማክሰኞ ነው፤ ወደኔ ይመጣል። ብዙም አያወራም። በልቶ ሲያበቃ ድስቴን አንስቶ ያጥባል። “ተው፣ ወንድ ልጅ ድስት አያጥብም” ስለው፣ “እዚህ ማን ያየኛል፣ አክስቴ?” ይለኛል።

ባለፈው ማክሰኞ የኮፍያውን ነገር ነገርኩት። ወደ ክፍሉ ሄደና አመጣው። አጥቦታል፣ ተኩሶታል። “ይኸው፣ ላኪላት። ገንቦው ከኔ የተሻለ ባል ይሆናታል” አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። ምላሴን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ “ምን ነካህ፣ ሴት አትወድም እንዴ?” አልኩት፣ ለጨዋታ ያህል።

“አልወድም” አለኝ።

ቢሽና፣ ልጅሽ የሚወደው ወንድ ነው። ዙሪያ ጥምጥም ብሄድም ቃሉ ያው ስለሆነ እንዲሁ ጻፍኩት። “ለእናቴ አንቺ ንገሪያት፣ እኔ አፌ አይታዘዝልኝም” ስላለኝ ነው የምነግርሽ። ከተማው ያመጣበት እንዳይመስልሽ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነበር። አንቺም ወደ ኋላ ብታስቢ ታገኚዋለሽ። ዶሮ ይዘሽም ጠንቋይ ቤት እንዳትሮጪ፤ ዶሮዋን ብዪያት።

እዚህ እንደመጣ ሱባሽ የሚባል ባለ ባጃጅ ተዋወቀ። የጋርዋል ሰው ነው፤ እሱም የተራራ ልጅ ስለሆነ ተግባቡ። ማክሰኞ ማክሰኞ ወንዙ ዳር ተቀምጠው በቆሎ ጥብስ ይበሉ ነበር፤ ሌላ ሀብት አልነበራቸውም። በጸደይ የሱባሽ አባት ጠሩትና ዳሩት። ልጅሽ ሠርጉ ላይ ተጠርቶ በሙሽራው ፈረስ ፊት ሲጨፍር ዋለ። ጫማው ከእግሩ እስኪወልቅ ጨፈረ። የሙሽራው አጎቶች፣ “ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው!” እያሉ ትከሻውን መቱት። ከዚያ ወዲህ ሱባሽ ስልክ አያነሳም። አሁን ከኔ ጋር መንገድ ስንሄድ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ቀና ይላል፤ እስከዚያ ቀን ምክንያቱን አላውቅም ነበር።

ምን አልሽው ትይኝ ይሆናል። ሩዝ ጨመርኩለት። ልቆጣው አስቤ ነበር፣ ቁጣ ሞልቶኛል፤ ግን ያን ቀን ለእሱ የሚሆን አጣሁ።

እኔን በገንቦ ሲድሩኝ አንቺ ገና ልጅ ነበርሽ። ገንቦው ኮፍያ አድርጎ ብታዪ በሳቅ ፈረስሽ፤ እናታችን በቁንጥጫ አስወጣችሽ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ከዚያ ገንቦ ጋር ሦስት መከር የአማቴን ማሳ አርሜ ዴልሂ ስመጣ፣ ባሌ ከሌላ ሴት ጋር ጎጆ ወጥቶ ነበር። አላባረረኝም፤ አላየኝምም። እስኪሞት ድረስ ለአንድ ቀን እንኳ ፊቴን ደህና አድርጎ አላየኝም። ልቡ ሌላ ቦታ ካለ ሰው ጋር መክረም ምን እንደሆነ እኔን ጠይቂኝ። ማንም ግን ጠይቆኝ አያውቅም፤ አንቺም።

ማንሳራ ምን አጠፋች? ልጅሽስ ምን አጠፋ? ኮፍያውን አልልክም። መልሼ ራሱ ላይ አድርጌለታለሁ። ካህኑ ቀን ሳይቆርጥ ለማንሳራ እናት ነገሩ ፈርሷል ብለሽ ንገሪያት። ምስጢሩን አታውጪ፣ የሱ ነው። ምክንያት ከጠየቁሽ እኔን ስጪያቸው። “ያቺ ክፉ ጃሱዳ ቀንታ ኮፍያውን ያዘችው” በያቸው፤ ሳይጠራጠሩ ያምኑሻል። እሾህ ናት ሲሉኝ ኖረዋል፤ ለአንድ ልጅ አጥር ብሆን ምን ይቀርብኛል?

አንቺ ለጊዜው አልቅሺ፤ አልከለክልሽም። ስታበቂ ደውይለት። የሚስት ነገር አታንሺበት። ምን በላህ ብለሽ ጠይቂው።

ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ጣሪያውን ጠግኖ ከሆነ ሁለት ጊዜ አድርሺልኝ። የአማትሽን እግር በአክብሮት ንኪልኝ፤ አሁንም ከኔ በላይ መኖር ከፈለጉ ወገብዎን ያውሱኝ በያቸው። ትንሿን ልጅሽን ፑርኒማን ሳሚልኝ፤ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ። ማንሳራን መንገድ ላይ ስታገኚያት ፊትሽን አታዙሪባት። ዲርጋ ሰላም ብሎሻል ብዬ አልጽፍም፤ አላለም። አንቺ የምትይውን እየጠበቀ ነው።

እህትሽ ጃሱዳ

ዴልሂ፣ ካርቲክ 24 ቀን