የጠፋው ድምፅ እኔ ክፍል ነው

ነርስዬ፣

ላፕቶፕሽ አልተበላሸም፤ የጫንኩልሽ አዲሱ ሲስተም፣ ሊኑክስም፣ አልረገመሽም። ስጭንልሽ ድምፁን የሞከርኩት በእኔ ስፒከር ነበር፣ ማላቀቁን ረሳሁት። ስለዚህ በከፈትሽው ቁጥር ድምፁ በብሉቱዝ ሹልክ ብሎ እኔ ክፍል ይገባል።

ሴቲንግ ክፈቺ፣ ድምፅ የሚለውን ንኪ፣ በእኔ ስፒከር ፈንታ የላፕቶፑን ምረጪ። ከዚያ ብሉቱዙን አጥፊው፤ አለዚያ ነገም ይኮበልላል።

ትናንት እናትሽ በላፕቶፑ ሲደውሉልሽ፣ አንቺ ሳሎን ሆነሽ "እማዬ፣ አይሰማም! አይሰማም!" እያልሽ ስትጮኺ፣ እሳቸው እኔ ራስጌ ካለው ስፒከር ያወሩ ነበር። "ድስት ዘፍዝፋ የምትወጣዋን ደባልሽን ተያትና እህትሽ ጋ ግቢ። ነገ ማታ ስደውል ቁርጡን ንገሪኝ" አሉ።

ስፒከሩን ማጥፋት ነበረብኝ። የሰው እናት ስታወራ አይቋረጥም ብዬ እስከ መጨረሻው አዳመጥኳቸው።

ለነገሩ የሰኞውን ድስት የዘፈዘፍሽው አንቺ ነሽ። እሱን አልነገርሻቸውም።

ዛሬ ማታ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማሻል፤ እኔ ግን አልሰማም።

ድስቱን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ለእናትሽ መልስ ከመስጠትሽ በፊት ገልበጥ አድርገሽ እይው፤ ቂጡን ሳይቀር ፈትጌዋለሁ።