በጭድ ውስጥ የከረመችው ቮልስ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሙነወር፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ከርመሃል? ያ ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ የሚውል ሰው ወገቡን ካልጠበቀ ወገቡም አይጠብቀውም፤ ትራሷን ከጀርባህ አድርገህ እንደምትነዳ ተስፋ አደርጋለሁ። የጅዳው ሙቀትስ እንቅልፍ ይሰጥሃል? ምግብህንስ በሰዓቱ ትበላለህ? ባለቤትህ መስኡዳ ደህና ናት? የልጅሽ የሀውራ ትምህርት እንዴት ነው ብሎሻል ብለህ ጠይቅልኝ። እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። የሰላሙ ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ የመጀመሪያው ረመዳን ስለነበር የመስጊዱ ግቢ ሰው አልበቃው ብሎ ነው የሰነበተው። በልጉም አልከፋም፤ ሐይቁ ሞላ ብሏል።

ባለፈው ስለ መኪናዋ ስደውልልህ ስልኩ እየተቆራረጠ ግማሹን ሰማህ፣ ግማሹን ገምተህ ተቆጣህ። እኔ የሰማሁት «ጋሼ፣ የምትገዛው መኪና አይደለም፣ ጣጣ ነው» ያልከውን ብቻ ነው፤ ከዚያ መስመሩ ሞተ። አሁን የአሚናት ልጅ ወደ ጅዳ ሊመለስ ስለሆነ ይህን በእጁ ልኬልሃለሁ። ነገሩን ከጅምሩ እስከ ውሳኔው በቅደም ተከተል እጽፍልሃለሁና ዘለህ መጨረሻውን እንዳታነብ። ልጅ ሳለህ የሒሳቡን መልስ ከመጽሐፉ ጀርባ ትመለከት እንደነበር አልረሳሁም።

የወፍጮ ቤቱን ጁማን ታውቀዋለህ። ከአጎቱ የወረሳት ቢጫ ቮልስ አለችው። ታጣቂዎች ከተማውን ሲይዙ ባትሪዋን አውጥቶ ቀበረ፤ እሷን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወስዶ ጭድ ከመረባት። ያም ሆኖ አገኟት። ሌላ ባትሪ አምጥተው ገጠሙላት፤ ገፏት፣ ጎተቷት፣ ሰደቧት። አንዴ አስነጠሰችና ዝም አለች። ስንቱ ደህና መኪና ከሐይቅ ከተማ ሲወሰድ እሷ ተንቃ ቀረች። ጁማ ይህን ሲያወራ «ለባለቤቷ እንጂ ለሌላ ሰው አትነሳም» ይላል። ለባለቤቷም እንደማትነሳ ግን ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

እኔ መኪና የመግዛት ሐሳብ አልነበረኝም። ባሕር ዛፉን ሸጠን ያስቀመጥነው ገንዘብ ለቤቱ ጣሪያ ነበር። ሐሳቤን የለወጠው የኡሙሰልማ ነገር ነው፤ ስለ ባለቤቴ በስልክ ያልነገርኩህ ጉዳይ አለና።

ከሐይቅ በእግራችን ሸሽተን አርዲቦ ሐይቅ ዳር ነጅዋ ቤት እንደተጠጋን ታውቃለህ። ነጅዋ ከዚያ በፊት አይታን አታውቅም፤ ጎጆዋንም እህሏንም አካፈለችን። ከተመለስን ወዲህ ሄዶ ማመስገን ይገባን ነበር። ኡሙሰልማ ግን ያን መንገድ መርገጥ አቃታት። ነይ በሚኒባስ እንሂድ ስላት እሺ ትላለች፣ ትለባብሳለች፤ መናኸሪያ ደርሰን ሞተር ሲነሳ እጇ ይንቀጠቀጥና «ሌላ ቀን ይሁን» ብላ ትመለሳለች። አንዴ ብቻዬን ሄድኩ። ነጅዋ በደንብ ተቀበለችኝ፤ ስንሰነባበት ግን «እሷስ ምን አስቀይሜያት ነው?» አለችኝ። ለኡሙሰልማ ስነግራት ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም።

ታዲያ አንድ ቀን እህል ልናስፈጭ ወደ ጁማ ስንሄድ ቮልሷን እያጠበ አገኘነው። ሰላምታ ሊሰጠን ጥሩምባዋን ነካው። ወላሂ፣ እንደ ፍየል ግልገል ነው የጮኸችው። ኡሙሰልማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ጁማ፣ ይቺ ትነዳለች ወይስ ትታለባለች?» ብላ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ስሰማት ከጦርነቱ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ እንደ ዋዛ «በዚችስ አርዲቦም እሄድ ነበር» አለች። እንግዲህ ጣሪያው የተረሳው ያን ጊዜ ነው።

ቢሆንም ዕድሜዬን ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ሳልፈትን አላሳልፍም። መንጃ ፈቃዴን ደሴ ሳስተምር እንዳወጣሁት ታውቃለህ፤ እጄ አልረሳውም። በመጀመሪያ በሜዳው መንገድ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም መሄጃ እስከ ሐይቁ ዳር ወሰድኳት፤ አለፈች። ቀጥሎ ዱቄት ጭኜ በገበያው መሀል ነዳኋት። ኩርባው ላይ የቀኝ በሯ በራሱ ከመከፈቱ በቀር ይህንንም አለፈች። የመጨረሻው ፈተና የአምባሰል ዳገት ነበር፤ ውጫሌ ደርሳ ከተመለሰች እገዛታለሁ ብዬ ወሰንኩ። በጠዋት እንድነሳ መኪናዋን እኛ ግቢ አሳደርኳት። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው።

የቅሬያችንን ደንብ ላስታውስህ። ቅሬው ድሮም ቢሆን የታመመ ተሸክሞ የሞተ ይቀብራል። ጦርነቱ ጋብ ሲል አምቡላንስ ስላልነበረ «በአባል ግቢ ያደረ መኪና ሁሉ ለታመመና ለወላድ ይታዘዛል» የሚል ደንብ ጨመርን። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ባለመኪኖቹ «የዘመድ ነው፣ በአደራ ነው» እያሉ እንዳያመልጡ «የተገዛ» ሳይሆን «ያደረ» ይባል ብዬ የተከራከርኩትም እኔው ነኝ። መኪና ያልነበረኝ ሰው ስለነበርኩ በጣም ጥሩ ደንብ ሆኖ ታይቶኝ ነበር።

የሱብሒ ሶላት ሰግጄ ሳልነሳ ሐቢብ በሩን ደበደበ። የቅሬው ዳኛ እሱ ነው። የኡሙሀኒ ልጅ ራዚያ ምጥ ጠንቶባት ነበር፤ ሁልጊዜ የምንጠራው የሀሚድ ሚኒባስ ደግሞ ያን ዕለት ደሴ አድሯል። እኔም ገና አልገዛኋትም፣ በሙከራ ላይ ናት፣ አስተማማኝ አይደለችም አልኩት። ሐቢብ ቀጥ ብሎ እያየኝ «መምህር፣ ያደረ ነው ያልከን፣ የተገዛ መቼ አልክ?» አለኝ። ቁልፉን ይዤ ወጣሁ።

ራዚያን ከእናቷ ጋር ከኋላ አስቀመጥን፤ የቅሬው ወንዶች እንደ ደንቡ በእግር ተከተሉን። ከጤና ጣቢያው በታች ያለችውን ዳገት ታውቃታለህ። እሷ ላይ ስንደርስ ቮልሷ አስነጠሰች፣ ሳለች፣ ቆመች። ቁልፉን ባዞረው ባዞረው ወይ ፍንክች። ራዚያ ከኋላዬ ትጮኻለች፣ ኡሙሀኒ «ያ ረቢ» ትላለች። ሙነወር፣ ይህች ልጅ አንድ ነገር ብትሆን የገደልኳት እኔ ነኝ ብዬ ደመደምኩ። ሚስቴን ላስቅ ብዬ የሰው ልጅ ላስጨርስ ነው አልኩ።

ወንዶቹ እያለከለኩ ደረሱ። አንዱ ቃሬዛ እናምጣ ሲል ሐቢብ «ቃሬዛማ ይኸውላችሁ፤ እንዲያውም ባለ ጎማ ናት። ግፉ!» አለ። ገፏት። ግማሹ በነቢ ሰለዋት ያወርዳል፣ የእስጢፋኖስን በዓል የማይዘለው አቶ ይመር ደግሞ ትከሻውን ከኋላ ደግፎ ሰማዕቱን ይጠራል። እንዲህ ሆነን ዳገቱን አወጣናትና ከጤና ጣቢያው በር አቆምናት። ብዙም ሳንቆይ ኡሙሀኒ እልል እያለች ወጣች። ሴት ልጅ! እናትም ልጅም ደህና! «ልጄ ወለደች፤ ያማጠው ግን ቅሬው ነው» ብላ ላባቸውን የሚጠርጉትን ሽማግሎች አሳቀቻቸው። እኔ ግን አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ።

መኪናዋ ቁልቁል ስትመለስ ምንም እንዳላደረገች በራሷ ተነሳች። በቀጥታ ወደ ጁማ ነድቼ ቁልፉን መለስኩለት። ተቀየመኝ። «ወላድ አድርሳልህ ልትመልሳት? ምን በደለችህ?» አለ። ገፍተን እኮ ነው ያደረስናት ብዬ ብመልስለት «ደርሳለች ወይስ አልደረሰችም?» ብሎ ሞገተኝ። ቤት ስገባ ኡሙሰልማ ምስር እየለቀመች ነበር። «መለስካት?» አለች። አዎ አልኳት። ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ምክርህን ሰምቼ መመለሴ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም።

እሑድ አቶ ይመርና ሌሎቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቅሬው ሾላው ሥር ተሰበሰበ። የማልተማመንባትን መኪና ግቢዬ አሳድሬ ወላድ ለአደጋ አጋልጫለሁና አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ብዬ ተነሳሁ። አፉ ብለንሃል አሉ። ቁጭ ልል ስል ሐቢብ ቆይ አለኝ፤ ለካ እኔ ሳልኖር ተማክረውበታል።

የተናገረው አቶ ይመር ነው። «መምህር፣ እስቲ አንተ ንገረን። በእነዚህ ዓመታት እዚህ ሰፈር መኪና ሲመጣ ምን ጭኖ ነው የመጣው? ወይ ቁስለኛ፣ ወይ ሬሳ፣ ወይ ተፈናቃይ። መኪና ደጃፍ ላይ ሲቆም ሴቶቻችን ማን እንደመጣ ሳያዩ ነው ለለቅሶ የሚታጠቁት። ያን ዕለት ገፍተን ስናበቃ ጤና ጣቢያው በር ላይ ስንስቅ አስተዋልክ? አንዲት እንኳ ለደስታ ብቻ የምትመጣ መኪና ትኑረን» አለ። ሐቢብም ፍርዱን አሰማ፦ የጁማ ቮልስ መምህር ግቢ ብታድርም ለሕመምና ለቀብር አትጠራም፤ ለዚያ የሀሚድ ሚኒባስ አለ፤ እሱም ሌላ ቦታ ሊያድር ሲል አስቀድሞ ለቅሬው ያሳውቃል። ቮልሷ ግን ለኒካሕ፣ ለክርስትና፣ ለዒድና ለጥምቀት አትቀርም።

እኔ ሁሉንም ካላጣራሁ አልቀመጥምና ሙሽራ ጭና መንገድ ላይ ብትቆምስ ብዬ ጠየቅሁ። ሐቢብ ሳቀብኝ። «ታዲያ እንገፋታለና! ለሕመም መግፋት ጭንቅ ነው፤ ለሰርግ መግፋት ጭፈራ አይደለም እንዴ?» አለ። ትከሻዬ ላይ የተጫነ ነገር የወረደ ያህል ቀለለኝ። ፍርዱን በእጄ ጻፍኩት። በበነጋው ጁማ ጋ ሄድኩ፤ ለወጉ ያህል ትንሽ አስለምኖኝ ሸጠልኝ። አንድ ሸክም ጭድም መርቆልኛል፤ «ስታስቸግርህ ወደ ቤቷ መልሳት» እያለ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ኡሙሰልማ ባለፈው ዓመት አንተ የላክህላትን አረንጓዴ ሻሽ ለነጅዋ ስጦታ ጠቀለለችና ከአጠገቤ ተቀመጠች። መናኸሪያውን ስናልፍ እጇን ሰረቅ አድርጌ አየሁት፤ አልተንቀጠቀጠም። እንዳይከፈት የቀኙን በር ጨምድዶ ይዟል፣ ሥራ ላይ ነው። ታዲያ የት ላይ ብትቆም ጥሩ ነው? ስንሸሽ የመድፍ ድምፅ ሰምተን ማሽላ ውስጥ የተኛንባት ኩርባ ላይ! አሁን ታለቅሳለች፣ እንመለስ ትለኛለች ብዬ ዞር ስል ኡሙሰልማ የማሽላውን ማሳ እያየች ፈገግ ብላለች። «መምህሬ፣ ይቺ መኪና ለሽሽት አትሆንም» አለችኝ። «ለሽሽት የማትሆን መኪና የገዛ ሰው ደግሞ እንደገና አልሸሽም ያለ ሰው ነው» አለች። ሞተሩ እስኪበርድ እዚያው ቁጭ ብለን ቆሎ በላን።

ነጅዋ ደጅ ስንደርስ ጥሩምባውን ነካሁት። ነጅዋ «የማን ፍየል ነው ጓሮዬ የገባው!» እያለች ዱላ ይዛ እየሮጠች ወጣች። መጀመሪያ ያየችው መኪናዋን ነው፤ ቀጥሎ ኡሙሰልማን። ዱላው ከእጇ ሲወድቅ አየሁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተቃቅፈው ያሉትን አልሰማሁም፤ ሞተሩ እንዳይጠፋብኝ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነበር።

እንግዲህ ወንድሜ፣ ምክርህን ንቄ እንዳይመስልህ። ጣጣ ናት ያልከው እውነት ነው፤ ትናንትም ገፍተናት ነው የገባነው። ጣሪያው አንድ ክረምት ይታገሠናል፤ ከሚያፈስበት ሥር ባልዲ አድርገናል። ለአረፋ የምትመጣ ከሆነ ለሞተሯ ካንዴላና ቺንጊያ ይዘህልኝ ና፤ ዳገቱንም አብረህ ትገፋለህ።

መስኡዳን ሰላም በልልኝ፤ የላከችው መድኃኒት ለጉልበቴ ተስማምቶኛል። ሀውራን ግንባሯን ሳምልኝ፤ ስትመጣ ጥሩምባውን የምትነካው እሷ ናት በልልኝ። ኡሙሰልማ ሰላምታዋን እያበዛች ነው፤ ሻሹ ነጅዋን እንዳማረባት ጻፍለት ብላኛለች። ኡሙሀኒና ራዚያ ሰላም ብለውሃል፤ ሕፃኗ ወተቷን ጠግባ ትተኛለች። ሐቢብና አቶ ይመር ዱዓህን ይሻሉ። ጁማም ሰላም ብሏል፤ በየማለዳው በአጥሩ በኩል ብቅ እያለ «ተነሳች?» ይለኛል።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ በሰላም ያገናኘን።

ታላቅ ወንድምህ አብዱልመናን
ሐይቅ፣ ግንቦት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.