ከዜሮ በቀር

መስከረም 28
ዛሬም ሙቀት። ከህረባ ጠፍቶ ዋለ፣ መብራት የለም፣ ማራገቢያው ቆሟል። የማስተርስ ተማሪዎቹ ሁሉ ውጭ ጥላው ሥር ተቀምጠን አማካሪያችንን ዶክተር ሁዜይፋን ስንጠብቅ አንዲት አዲስ ልጅ ይዘው መጡ። ፅገ ትባላለች። ከትግራይ በጦርነቱ ድንበር ተሻግራ ተሰዳ፣ ከገዳሪፍ ወጣ ብላ ባለችው ሾዋክ ከአክስቷ ጋር ነው የምትኖረው። ሒሳብ ማስተርሷን እዚያው አገሯ ጀምራ ነበር። አማርኛ ስለምችል ከሁሉም ጋር ያስተዋወቅኋት እኔ ነኝ። "እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ" አልኳት። ከልቤ ነበር።

ኅዳር 12
ሴሚናር ነበር። እኔን ዶክተር ዓመት ሙሉ "ጥሩ ነው ዙሌካ፣ ቀጥይ" ከማለት በቀር ምንም ብለውኝ አያውቁም። እሷ ግን በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛዋ ቦርዱ ላይ ስትጽፍ... ከወንበራቸው ተነሱ! ቆመው አዩአት! "ማሻአላህ ያ ፅገ፣ ማሻአላህ።" ዓረብኛዋን የማቃናላት እኮ እኔ ነኝ። እዚሁ ገዳሪፍ ተወልጄ፣ እዚሁ አንደኛ እየወጣሁ ተምሬ... ምን አላት እኔ የሌለኝ?
አውቀዋለሁ። አልጽፈውም።

ኅዳር 13
አሁንም እርር እንዳልኩ ነኝ።

ጥር 6
የሙናቀሻ ቀን ተቆረጠልን። ቴሲሳችንን ፈታኞችና ዘመድ ፊት ቆመን የምንከላከልበት ቀን ማለት ነው። መጀመሪያ እኔ፣ ከሳምንት በኋላ ፅገ። እናቴ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ለዕለቱ የምለብሰው ቶብ ገዝታልኛለች፣ ፋው ላሉት አክስቶቼ ደውላለች። እኔም ደስ ሊለኝ ሲገባ ዶክተር ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "የፅገን ሥራ እዪላት። ዓረብኛውን አስተካክዪላት፣ አንቺም ተማሪበት።"
ተማሪበት! እኔ ከሷ!

ጥር 11
አገኘሁ! እሰይ! ስህተቷን አገኘሁ!
መስመር በመስመር ነው ያነበብኩት፣ አንዲት ምልክት ሳላልፍ። ሦስት ቅድመ ሁኔታ የሚያሟሉ ፈንክሽኖች ይዛ ስለነሱ ብዙ ነገር ታረጋግጣለች። ውብ ነው፣ ምን ልዋሽ። ግን አንድም ምሳሌ የላትም። እስኪ ምሳሌ ልፈልግ ብዬ አንዱን ብሞክር ዜሮ። ሌላውን ብሞክር ዜሮ። ኋላ በግማሽ ገጽ አረጋገጥኩት፤ ሦስቱን ባንዴ የሚያሟላ ከዜሮ በቀር ምንም የለም። ያ ሁሉ ገጽ ስለሌለ ነገር ነው! ሰው ለማይኖርበት ቤት ደንብ እንደማውጣት።
አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እናቴ "ፊትሽ በራሳ፣ ምን አገኘሽ?" አለችኝ። "ሥራዬ ተሳካ" አልኳት።
ልንገራት? ወይስ ፈታኞቹ ራሳቸው ሲያገኙባት ቆሜ ልይ?

ጥር 13
ነገርኳት። ለደግነት አይደለም፣ ፊቷ ሲለወጥ ለማየት ነው። ወረቀቴን ተቀብላ አነበበች። ደግማ አነበበች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። አሁን ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ...
"ዙሌካ፣ ማንም እንዲህ አድርጎ አንብቦልኝ አያውቅም" አለች። "ለዶክተር ነግሬ ቀኔን አሰርዛለሁ።"
በሩ ጋ ስትደርስ ዘወር አለች።
"ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አትቀየሚኝ... የራስሽንስ እንዲህ አድርገሽ አንብበሽዋል?"
ምን ማለቷ ነው? ቀናች እንዴ?

ጥር 14
አነበብኩት።
ሁለታችንም የተነሳነው ዶክተር ከሰጡን ጥያቄ ነው። የኔ ሦስተኛ ቅድመ ሁኔታ በሌላ መልክ ስለተጻፈ አልታየኝም እንጂ ሲፈታ የሷው ነው። ምዕራፍ ሁለት ዜሮ። ምዕራፍ ሦስት ዜሮ። የሷን እንዲያ ስበረብር የራሴን አንድ ቀን በዚያ ዓይን አይቼው አላውቅም። አፈር ልብላ!
ፅገ የኔን ለማንም አልተናገረችም። ዝም ብል ማን ያውቃል? ፈታኞቹ አጨብጭበው ይሸኙኛል። ሙናቀሻው ከነገ ወዲያ ነው። አክስቶቼ ከፋው ተሳፍረዋል።
ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ጥር 15
ዶክተር ቢሮ ገባሁ። የሷም የኔም ስህተት አንድ መሆኑን ነገርኳቸው። ጥያቄው የራሳቸው ነውና እሳቸውም ክው አሉ።
"ማነው ያገኘው?"
"እኔ።"
ከወንበራቸው አልተነሱልኝም። "ኻላስ፣ በቃ። አብራችሁ እንደገና ትጀምራላችሁ" አሉ።
ቤት ዘመድ ሞልቶ ጠበቀኝ። ነገርኳቸው። እናቴ ቶቡን አጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት።

የካቲት 2
ከፅገ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ። በግራ እጇ ነው ለካ የምትጽፈው።

መጋቢት 4
አንዱን ቅድመ ሁኔታ አላልተን ስንታገል ነው የከረምነው። ዛሬ ፅገ ከሾዋክ ባስ ወርዳ እየሮጠች መጣች፣ ላቧ ሳይደርቅ።
"አገኘሁ! ዜሮ ያልሆነ አገኘሁ!"
እሷ! አሁንም እሷ! ቀናሁ፣ አልዋሽም።
"አንብቢልኝ" አለችኝ። "እንደዚያን ጊዜው። አትማሪኝ።"
አልማርኳትም። መስመር በመስመር ሄድኩበት። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ የሚያሰጋ ቦታ አየሁ። እዚህ ላይ ከተሳሳተች ሁሉም ይፈርሳል። እሷ ጥፍሯን ትበላለች። እኔ ደግሞ "ያ ረብ፣ ልክ ይሁንላት፣ ልክ ይሁንላት" እያልኩ ስጸልይ ራሴን አገኘሁት።
ልክ ነበር።