ሰዓቱ ያልተቀየረው በረራ

ለተከበሩ የአየር መንገዱ የበረራ መርሐ ግብር ኃላፊ፤

ካሉበት ከፍታ ድረስ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ወገብዎ? ቀጥ ብለው ወንበር ላይ መቀመጥ የሚችሉ ሰው ከሆኑ ደስ ይለኛል፤ በእርስዎ አውሮፕላን ለመሳፈር ትልቁ መስፈርት ይኸው ሆኖ አግኝቼዋለሁና።

በዚህ አምድ የሰው ሠርግና የሰው ፍቺ ሳወራ ነው የኖርኩት። ዛሬ ግን አንባቢዎቼ ይቅር ይበሉኝና የራሴን ቤት ጉድ ላወራ ነው። አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ስታለብስ የጎበጠው ጀርባዋ በመጨረሻ ክፉ በሽታ ገባበትና መቀመጥ ከለከላት። ሐኪሞቹ ተስፋ ሲቆርጡ የለመነችን አንድ ነገር ነው፤ ታላቅ እህቷን፣ ማለትም እናቴን፣ በዓይኗ አይታ መሞት። በሌላ ከተማ የምትኖረው እናቴ እግሯ ከከዳት ወዲህ ከቤት አትወጣም። በመኪና እንዳንወስዳት ደግሞ መንገዱ አጥንቷን ይጨርሰዋል ተባልን። ስለዚህ እርስዎ ዘንድ መጣን፤ ቢሮዎም ወንበሮቹን አጣጥፎ ቃሬዛ እንደሚዘረጋላት ቃል ገባልን። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ትኬቱ ላይ 738 የሚል ቁጥር ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ከቤተሰቡ ብዙ ጊዜ የተሳፈረ እሱ ስለሆነ «ፓይለቱ» የምንለው አጎቴ የወንበር ቁጥር መስሎት፣ «በቃ ጭራው ላይ ሊወሽቁሽ ነው» ሲላት አክስቴ በጀርባዋ እንደተኛች ሳቀች፤ «ጭራውስ ቢሆን አብሮ ይደርስ የለም እንዴ፣ አንተ» አለችው። የመጨረሻ ሳቋ ስለነበረ ለእሱም ባለዕዳዎ ነን።

ሁለተኛ፣ በዋዜማው የላኩልን መልእክት አጭርና ጨዋ ነበር፤ «የአውሮፕላን ለውጥ፦ DH4። የመነሻ ሰዓት አልተቀየረም።» እኛም ሰዓቱ አለመቀየሩን ብቻ አንብበን ተመስገን አልን፤ እናቴም እዚያ ሆና ከአልጋዋ ጎን ሌላ አልጋ አስነጠፈች።

ሦስተኛ፣ ሠራተኛዎ ቃሬዛውን በር ላይ አስቁማ፣ የመጣው ትንሹ አውሮፕላን ስለሆነ ተኝቶ መሄድ እንደማይቻል ነገረችንና፣ «ትንሽ ቀና ማለት ይችላሉ፣ እማማ?» ብላ ጠየቀች። አክስቴም ሰው ማስቀየም ስለማትወድ፣ «እስቲ ልሞክር፣ ልጄ፣ ደግፊኝ» አለቻት። ያን ሙከራ አልጽፈውም። ልጅቷ ፊቷን አዙራ ስታለቅስ አይቻታለሁና እባክዎ እንዳይቀጧት። አለቃዋ ግን አላለቀሰም፤ «ኮዱ እኮ ተልኮላችኋል» አለን።

እውነቱን ነው፣ ተልኮልናል። ከዚያ ወዲህ ጠይቄ ተምሬያለሁ። 738 ማለት 737 የተባለው አውሮፕላን 800 የሚባለው ዝርያው ስም ሲቆላመጥ ነው፤ ጄት ሆኖ መሐሉ ላይ አንድ መተላለፊያ ያለው መካከለኛው። 77W ቢሆን ኖሮ ሁለት መተላለፊያ ያለው ሰፊው ይመጣልን ነበር። DH4 ደግሞ በፕሮፔለር የሚበረው፣ እርስዎ ዘንድ ለቃሬዛ የማይታጠፍ ወንበር ያለው ትንሹ ነው። ይህን ሁሉ ዕውቀት ለልብስ ሰፊ ቤተሰብ በሦስት ምልክት ጠቅልለው መላክዎ ያስደንቃል። «በዚህኛው ቃሬዛ አይገባም» ብሎ መጻፍ ሦስት ሙሉ ቃል ስለሚፈጅ እንደሚከብድዎ ይገባኛል።

አራተኛ፣ ቃሬዛ የሚዘረጋበት 738 በሳምንቱ ስለሚመጣ ቅድሚያ እንደሚሰጣት አበሠሩን። አክስቴ የማንንም ሙሽራ ቀጠሮ አሳልፋ አታውቅም ነበር፤ የእርስዎን ግን አላከበረችም። ሳምንቱ ሳይሞላ አረፈች። አምስተኛ የለኝም።

ሰማይዎ ጥርት ያለ፣ ማረፊያዎ የለሰለሰ ይሁን። የሚወዱት ሰው ዘንድ ለመድረስ የቸኮሉ ዕለት የሚመጣልዎት አውሮፕላን የሚበቃዎ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣

መሬት ላይ የቀረሁት አክባሪዎ፣
የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ

ማስታወሻ፦ አክስቴ ባረፈች ማግስት እናቴ ዘንድ ደርሳለች። የወሰዳት ያው DH4 ነው፤ ከኋላ በጭነት ክፍሉ፣ በሳጥን ሆና፣ በጀርባዋ ተኝታ። ሠራተኞችዎ ቦታ እንደማይጠብ አስቀድመው አረጋግጠውልን ነበር፤ እንዳሉትም አልጠበበም።