ስሜን ደብቄ ምስጢርሽን አወጣሁት

እማዬ፣ ከተለየሽን ሰባት ወር ሞላ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። አባዬ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ጤናው አይከፋም። ሱቅሽን እኔ ከፍቼ እውላለሁ። ደንበኞችሽ እንደ እናትሽ አትስቂም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ነገር ሳዞር ታውቂኛለሽ፣ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ከአልጋሽ አጠገብ የነበርነው እኔና ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ብቻ ነን። ትኩሳቱ ሲበረታብሽ የአባዬን ሳይሆን የሌላ ወንድ ስም ትጠሪ ነበር፤ በደሳ የሚባል፣ ልጅ ሳለሽ የምታውቂው ሰው ይመስለኛል። ሁለታችንም እንዳልሰማን ሆንን።

ከቀብርሽ በኋላ ግን ነገሩ ውስጥ ውስጤን በላኝ። ለንስሐ አባቴ እንዳልነግር አፈርኩ፣ ለጓደኛ እንዳልነግር ከተማችን ጭሮ ወሬ አይደበቅባትም። ስልኬ ላይ ሰው ስሙን ሳይናገር ብሶቱን የሚዘረግፍበት ግሩፕ ነበር፤ እዚያ ጻፍኩት። ስም አልጠራሁም፣ ከተማውንም አላነሳሁም። ግን የለቅሶ ድንኳንሽ እንዲሰፋ እስላም ጎረቤታችን የግቢዋን አጥር እንዳስነቀለችልን ጨመርኩበት፣ ደግነቷን ላወድስ ብዬ! እማዬ፣ በዚህ ከተማ አጥር ተነቅሎ የተለቀሰለት ሌላ ማን አለ?

መጀመሪያ አይዞሽ የሚል መልስ ጎረፈልኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ደንበኛ አቁሜ ስልኬ ላይ አፍጥጬ እውል ነበር። ከዚያ ስድቡ መጣ። አንዱ አንቺን በማይጻፍ ቃል ሰደበሽ፤ ሌላው እኔን ተከተያት አለኝ። ማን እንደሆኑ ስለማላውቅ ሱቅ የገባውን ሁሉ ይሄ ይሆን እያልኩ እጠረጥር ጀመር። ጽሑፉን ባጠፋውም ቀድመው ፎቶ አንስተውት ኖሮ፣ ከስልክ ስልክ ዞሮ እድር ላይ አባዬ ጆሮ ደረሰ።

ጽሑፉን በዓይኑ ስላላየው አባዬ የጠረጠረው ከአልጋሽ አጠገብ የነበረችውን እትዬ ፋጡማን ነው። እኔን እንዴት ይጠርጥር? ሰላምታዋን ነሳት። ያን ስም የሰማነው ሁለት ብቻ ነንና እሷ ማን እንዳወጣው ታውቃለች፤ ሆኖም አንድ ቀን እንኳ ቃል አልወጣትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በእኔ ጥፋት ተኮራርፈው እያየሁ ሱቅ ከፈትኩ፣ ሱቅ ዘጋሁ። ከጻፍኩት ይልቅ ዝም ማለቴ ያሳፍረኛል።

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለአባዬ ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዘራውን ይዞ እትዬ ፋጡማ በር ሄደና ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቃት። ያ ሽማግሌ አንገቱን ደፍቶ ሲቆም ከሩቅ አየሁት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ወዲህ ያቀረብኩለትን ይበላል፣ ዓይኔን ግን አያይም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ በመጨረሻ የእሱንስ ስም ጠርተሽ እንደሆነ። አልጠራሽም፣ እማዬ። ሱቅ ልከፍት ነው ብዬው ወጣሁ።

በልብሽ የነበረውን እኔ አላውቅም፤ ማወቅም አይገባኝም ነበር። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ምሳ ሲደርስ ደጃፍ ላይ ቆመሽ አባዬን ጌታቸው፣ ጌታቸው እያልሽ ስትጠሪው ሰምቻለሁ። ያን ጥሪሽን እስክሞት አልረሳውም። ዛሬ ባያየኝም አጠገቡ ተቀምጬ ይህንኑ እነግረዋለሁ።

ልጅሽ ሰብለ