ከባዶ ቦታ ጀርባ ተሰልፈው «ቀሪ» ስለተባሉት ሰባ አራት ሰዎች

ለተከበሩ አቶ ባንታምላክ፣
የቁረይሻ እርሻ ሠራተኞች መረዳጃ ዕድር ሊቀ መንበር፤

እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ፣ ከብትዎ፣ ግቢዎ ውስጥ የቆመው የዕድራችን ትራክተርስ ደኅና ነውን? እኔ በሦስተኛው ካምቦ፣ በእርሻው ሠራተኛ ሰፈር፣ ወጥ የምሠራው ወርቅውሃ፣ ጭሱ ዓይኔን ከማቃጠሉ በቀር መድኃኔዓለም ይመስገን ደኅና ነኝ።

«ከመቶ አባላት ለምርጫ የመጣው ሃያ ስድስት ብቻ ስለሆነ፣ የቀሩት ቢታመሙ ክረምቱ እስኪወጣ ትራክተሩ ላይ አይጫኑም» የሚለውን ማስታወቂያዎን በአክብሮት አነበብን። የዋልካው ጭቃ መኪና በማያሳልፍበት፣ ሱዳን ገዳሪፍ ካለው ሙስተሽፋ፣ ከሐኪም ቤቱ፣ በእግር በቀላሉ በማይደረስበት በዚህ ወቅት ስላሳዩን ርኅራኄ እግዜር ይስጥልን። ቅር ያሉን ጥቂት ነገሮች ግን አሉ።

፩ኛ. ዕጩዎቹ እርስዎ፣ ወንድምዎ አቶ አንዳርጌ እና የእህትዎ ባል አቶ ስንሻው በመሆናችሁ አማራጩ እጅግ ሰፊ ነበር። ሦስታችሁም አንድ ግራር ሥር ትከሻ ለትከሻ ስለቆማችሁ፣ አንዳችሁን የመረጠ ሰው ሁላችሁንም መምረጡ አይቀርም፤ ሰው እንዳይደክም ማሰብ ማለት ይኼ ነው!

፪ኛ. አራተኛዋ ዕጩ እናትነሽ «ገና አንድ ክረምት ነው የከረመችው» ተብላ ተሰረዘች። እውነት ነው። ባልደረባችንን ቻላቸውን እባብ በነደፈው ዕለት፣ የትራክተሩን ቁልፍ ሊጠይቅ እርስዎ ዘንድ የሄደው ሰው ሳይመለስ፣ በቃሬዛ አሸክማ ሐኪም ቤት ያደረሰችው በዚያው በአንዱ ክረምት ነው። እርስዎ በአሥራ አንድ ክረምት ያላደረጉትን ማድረግ ለካ ነውር ኖሯል!

፫ኛ. እንደ ወጋችን ዕጩ ይቆማል፣ መራጭ ከጀርባው ይሰለፋል። እናትነሽን እንዳትቆም ስለከለከሏት፣ እኛ ሰባ አራት ሰዎች እሷ ልትቆምበት ከነበረው ባዶ ቦታ ጀርባ ፀሐይ ላይ ተሰልፈን አረፈድን። ቆጣሪው ራሳቸው ዕጩው አቶ ስንሻው ናቸው፤ በፊታችን ሦስት ጊዜ አለፉ፣ እንደምን አደራችሁም አሉን፣ ከዚያ ከእናንተ ሰልፍ የተረፈውን ስም ሁሉ «ቀሪ» ብለው መዘገቡት። ኧረ ጌታዬ፣ ለቀረ ሰው ማን ሰላምታ ይሰጣል?

ተናድጃለሁ፤ አልዋሽዎትም። ሜዳ ላይ መሞት እንፈራለን። እናትነሽ ትቁምና ስንት ሰው እንደሚመጣ ያኔ ይቁጠሩን።

ዕድሜዎን ከሥልጣንዎ ያስረዝምልን እያልኩ፣

የዘወትር አክባሪዎ
ወርቅውሃ፣ በመዝገብዎ ከቀሪዎች አሥራ ሁለተኛዋ

ማስታወሻ፦ በዚያ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የነበሩት ባለቤትዎ ወይዘሮ እየሩስ ናቸው፤ ስማቸው ከእኛው ጋር በቀሪዎች ዝርዝር ላይ ተለጥፏል። እንደሚያውቁት ወራቸው ገብቷል። በደንብዎ መሠረት ትራክተሩ ላይ ስለማይጫኑ ቃሬዛውን አዘጋጅተናል፤ ምጡ ሲመጣ አንዱን ጫፍ እርስዎ ይያዙልን።